ያውቁ ኖሯል? ኮምፒውተር አልነሳም ሲል፣ «ፎርማት» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። በዚህ ፍርድ የስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንት ቤተሰብ የሠርግና የክርስትና ፎቶ፣ የስንት ሱቅ የሂሳብ መዝገብ ጠፍቷል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደህና ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ማብሪያው ከተጫነበት ጊዜ አንስቶ ዊንዶውስ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ በተርታ የሚያልፋቸው ደረጃዎች አሉ። የቱ ላይ እንደቆመ ያወቀ ሰው ፋይሉን ያተርፋል። ከታች ያሉትን እውነታዎች የደረደርናቸው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ

• «አልነሳም አለ» የሚባለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ችግር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መብራትም ፋንም ከሌለው ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ የራም፣ የስክሪን ወይም የማዘርቦርድ ነው። የአምራቹ አርማ ታይቶ ከዚያ ወዲያ ከቆመ ደግሞ የዲስክ ወይም የዊንዶውስ ነው። ፎርማት ሊያግዝ የሚችለው በሦስተኛው ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን የመጨረሻው አማራጭ ነው።

• ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ገና ሲሰካ ሊቃጠል እንደሚችልስ? የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነው። በብዙ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ዘመድ የላከልዎትን ማሽን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይዩ። ከአውሮፓና ከእስራኤል የሚመጣው በ230 ቮልት ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ይህ ስጋት የለበትም።

• የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጣጣ አያውቅም። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ በሁለቱም አገር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ሶኬቱን የሚያስማማ መሰኪያ ብቻ ነው።

• በሞተ ዲቫይደር ምክንያት ብዙ ደህና ኮምፒውተር ወደ ጥገና ቤት እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? በዚያው ቀዳዳ የስልክ ቻርጀር ሰክተው ይሞክሩ፤ ከዚያም ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ።

• ጠፍቶ የተቀመጠ ዴስክቶፕ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለው። ኢንቴል በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ደረጃ መሠረት፣ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ማዘርቦርዱ 5 ቮልት ያገኛል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱን ይንቀሉ።

• ፍጹም አልነሳም ያለ ላፕቶፕ አንዳንዴ የሚነሳው ቀሪ ኤሌክትሪኩ ሲፈስለት ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያብሩት። ይህ አንድም ፋይል አይነካም።

• መብራት ሲሄድ የሚጎዳው ያልተቀመጠ ሥራ ነው፤ ዕቃው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ በሚዋዥቀው ቮልት ነው። መብራት እንደጠፋ መንቀል፣ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ዋጋ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

• ስታብላይዘርና ዩፒኤስ አንድ እንዳልሆኑ ያውቁ ኖሯል? ስታብላይዘር የሚዋዥቀውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። ዩፒኤስ ባትሪ አለው፤ ሥራዎን አስቀምጠው ማሽኑን በወጉ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል።

• በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ማዘርቦርዶች ጥራት በጎደላቸው ካፓሲተሮች ምክንያት ሞተዋል። ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ከተፋ የማይነሳበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ጎበዝ ባለሙያ በጥቂት ወጪ ይቀይረዋል።

• በርቶ በጥቂት ደቂቃ ድርግም የሚል ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ራሱን እያዳነ ነው። ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጠጋ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ማሽኑ ይጠፋል። ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ቅባት መቀየር እንደ አዲስ ሊያስነሳው ይችላል።

ራሱን የሚፈትሽበት ቅጽበት

• ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን መመርመር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ነሐሴ 1981 ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም ፒሲ ራሱን ፈትሾ ደህና መሆኑን ሲያውቅ አንድ አጭር «ጢጥ» ያሰማ ነበር። የዛሬዎቹም ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ ያደርጋሉ።

• ከዚያ ቀደም ነገሩ ከባድ ነበር። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ሲበራ ምንም አያውቅም። ባለቤቱ በማሽኑ ፊት ላይ የተደረደሩትን ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች እያገላበጠ የመነሻ ትእዛዞቹን በእጁ ያስገባ ነበር። መብራት ከጠፋ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

• የ«ጢጥ» ድምፆቹ ቁጥርና ርዝመት ትርጉም አላቸው፤ ትርጉሙ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ስንት አጭር፣ ስንት ረጅም እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉ፤ ከዚያ በማሽኑ ሞዴል መመሪያ ላይ ይፈልጉት። ድምፅ የሌላቸውም ይናገራሉ፦ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች የካፕስ ሎክ መብራት፣ በዴል ደግሞ የባትሪ ወይም የማብሪያው መብራት በቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል።

• መብራትና ፋን እያለ ስክሪኑ ለሚጠቁር ማሽን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። ገመዱንና ባትሪውን ነቅለው ራሙን ያውጡ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገው ያሹ፣ ፍርፋሪውን ጠርገው ቀጭ እስኪል መልሰው ያስገቡ። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ ይሞክሩ። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይወጣም።

• የዊንዶውስ ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ከጠቆረ ኮምፒውተሩ ተነሥቷል፤ ያልተነሣው ስክሪኑ ነው። በጨለማ ክፍል የስልክ ባትሪ አብርተው ስክሪኑን በጎን ይመልከቱ። ደብዛዛ ምስል ካዩ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። በገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ስክሪን ጋር ካገናኙት ፋይልዎን ዛሬውኑ መገልበጥ ይችላሉ።

• በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ሲነሳ ፈገግ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሲታመም ደግሞ ዓይኖቿ የኤክስ ምልክት የሆኑ ያዘነች ኮምፒውተር ያሳይ ነበር። የሳለቻቸው ሱዛን ኬር ናት። ያዘነችው ምስል ሥር የሚታየው ኮድ ለጠጋኙ የችግሩን ዓይነት ይጠቁም ነበር።

• ማሽኑ ሲበራ ራሱን የሚፈትሽበት የመነሻ ፕሮግራም ባዮስ ይባላል፤ ስሙን በ1975 አካባቢ ሲፒኤም ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓቱ የሰጠው ጋሪ ኪልዳል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዛሬ በአብዛኞቹ ማሽኖች ቦታውን ዩኢኤፍአይ ወስዶታል፤ ደረጃውን የሚያወጣው ማኅበር የተመሠረተው በ2005 ነው። በአገራችን ባለሙያዎች አነጋገር ግን ሁለቱም እስካሁን «ባዮስ» ናቸው።

• የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ቁጥር ልኳን ይናገራል። ሲአር2032 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ኃይሏ 3 ቮልት ነው። ስትደክም ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

• ኢንተርኔቱ እየሠራ ድረ ገጾች «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያሉ እምቢ ካሉ አንዱ ምክንያት ይህቺው ባትሪ ልትሆን ትችላለች። የድረ ገጾች የደህንነት ማረጋገጫ የጊዜ ገደብ አለው፤ የኮምፒውተርዎ ቀን ከተሳሳተ ማረጋገጫው ያልተጀመረ ወይም ያለፈበት ይመስላል።

• ከዚህ የከፋም አለ። ባትሪዋ ስትሞት የባዮሱ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ሊመለሱ፣ ዲስኩ የሚነበብበት ዘዴም ሊቀየር ይችላል። ያኔ ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ አጣሁ ብሎ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ዲስኩ አልተበላሸም። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ምርጫውን ወደነበረበት መመለስ ብቻ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር በከንቱ ነው ፋይሉን ያጣው።

• ሚያዝያ 26 ቀን 1999 ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን አላስነሳ ብሎ ነበር። የጻፈው የታይዋን ተማሪ የነበረው ቼን ኢንግ ሃው ነው። ቫይረሱ የዲስኩን መጀመሪያ ከማበላሸቱም በላይ የባዮሱን ቺፕ ለማጥፋት ይሞክር ነበር፤ ከተሳካለት ማሽኑ ራሱን መፈተሽ እንኳ አይችልም።

• የባዮስ ማሻሻያ እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ያንኑ የሲአይኤች ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ካልሆነ በቀር አይሞክሩት።

ዲስኩ ሲጠራ

• አርማው ታይቶ «ሲስተም አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከመጣ መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ይንቀሉ። ባዮስ ከዲስኩ በፊት ፍላሹን እንዲጠራ ተደርጎ ከሆነ፣ ፍላሹ ላይ ዊንዶውስ ሲያጣ እዚያው ሊቆም ይችላል። በፍሎፒ ዲስክ ዘመንም የረሱት ፍሎፒ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

• የቆየው አሠራር ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው 512 ባይት ብቻ በሆነች ቁራጭ ነበር። ዲስኩ ላይ በመጀመሪያው ቦታ የምትቀመጥ ናት፤ ለመነሻው ፕሮግራም የተመደበው 446 ባይት ነው፣ የቀረው የክፍልፋዮቹ ዝርዝርና ማኅተም ነው። ይህቺ ቁራጭ ስትበላሽ ዲስኩ ባዶ ይመስላል፤ ፋይሎቹ ግን ከነሙሉነታቸው አሉ። ቁራጯን ብቻ መጠገን ይቻላል።

• አዲሱ አሠራር ጂፒቲ ከዚህ ተምሯል። የክፍልፋዮቹን ዝርዝር በዲስኩ መጀመሪያም መጨረሻም ያስቀምጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። የድሮው እስከ 2.2 ቴራባይት ያለ ዲስክ ብቻ ያስተናግድ ነበር፤ ጂፒቲ ይህ ገደብ የለበትም።

• ለድሮው ባዮስ የተዘጋጀ ዲስክ ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ብቻ ከተቀየረ አይነሳም፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ከሌላ ማሽን የመጣ ዲስክ አልነሳ ሲል ወይም ባዮሱ በቅርቡ ተነክቶ ከሆነ ዲስኩ ከመወቀሱ በፊት ይህ ምርጫ ይታይ።

• ለአይቢኤም ፒሲ የተሠራው የመጀመሪያ ቫይረስ ተብሎ የሚታወቀው «ብሬይን» የሚያጠቃው ይህንኑ የመነሻ ቦታ ነበር። በ1986 ላሆር፣ ፓኪስታን ውስጥ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች የጻፉት ሲሆን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥር ውስጡ አስቀምጠውበት ነበር።

• ሃርድ ዲስክ ለመሥራት አየር እንደሚያስፈልገው ያውቁ ኖሯል? የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በአየር ተንሳፎ ይሄዳል። አየሩ ከሳሳ ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊነካ ይችላል። ለዚህም ነው ለብዙ ተራ ሃርድ ዲስኮች የሚፈቀደው የሥራ ከፍታ 3,000 ሜትር አካባቢ የሆነው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ከገደቡ በታች ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ግን ያልፈዋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ አይመለከተውም።

• ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ማሽኑን ወዲያው ያጥፉት። እያጠፉ እያበሩ መሞከር ጉዳቱን ያሰፋዋል፤ እያንዳንዱ ሙከራ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የሚቀድመው ዊንዶውሱን ማስነሳት ሳይሆን የዲስኩን ቅጂ ማውጣት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ

• «ሻት ዳውን» ሲያደርጉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ እንደማይዘጋ ያውቁ ኖሯል? በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ በፍጥነት ለመነሳት ሲል የውስጥ ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። የታመመ ሁኔታም አብሮ ይቀመጣል። በሙሉ የሚታደሰው «ሪስታርት» ሲሉት፣ ወይም ሺፍት ተጭነው «ሻት ዳውን» ሲሉት ነው።

• ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን አንድ ላይ መጫን የአይቢኤሙ ኢንጂነር ዴቪድ ብራድሊ ፈጠራ ነው። ያሰበው ለሥራ ባልደረቦቹ ነበር፤ ማሽኑን እያጠፉ ከማብራት እንዲያርፉ።

• ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጹን በራሱ ያወጣል። ገጹ ሲመጣ አይደንግጡ፤ መፍትሔዎቹ የተቀመጡት እዚያ ነው። «ስታርትአፕ ሪፔር» ፋይል አይነካም። የመጨረሻውን ማሻሻያ የሚያነሳ ምርጫም አለ፤ ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ።

• ሴፍ ሞድ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አለ። የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዞ ይነሳል። በሴፍ ሞድ ከተነሳ ዲስኩና ራሙ በአብዛኛው ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ጥፋቱ በቅርብ የተጫነ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ይሆናል። ማራገፍ ይበቃል።

• ለዚህ ትልቁ ምስክር ሐምሌ 19 ቀን 2024 ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን አላስነሳ አለ፤ አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ቆሙ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሳውም የወደቁት ማሽኖች በራሳቸው አልተነሱም። መድኃኒቱ በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል መሰረዝ ነበር። ፎርማት አላስፈለገም።

• በዚያ ቀን ብዙዎችን ያዘገየው ሌላው ነገር 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ነበር። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ያለዚህ ቁልፍ ፋይሉን ማንም አይከፍተውም። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ቁልፉ አካውንትዎ ውስጥ መኖሩን ዛሬ አረጋግጠው በወረቀት ይጻፉት።

• ሰማያዊው ስክሪን በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁር ሆኗል። ቀለሙ ይቀየር እንጂ የሚጠቅመው ያው ከታች ያለው የስህተት ስም ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

• ዊንዶውስ ጨርሶ ባይነሳም ፋይልዎን ማውጣት ይቻላል። ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ጭነው፣ ሲነሳ «ሳልጭን ልሞክረው» የሚለውን ቢመርጡ ዲስኩን ከፍቶ ያሳይዎታል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው። የሚያስፈልገው ፍላሹን የሚያዘጋጁበት ሌላ ኮምፒውተርና የሚገለብጡበት ተጨማሪ ዲስክ ነው።

• ፈጣኑ ፎርማት ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ፋይሎቹን አይደለም። አዲስ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ በማገገሚያ ፕሮግራም ሊመለሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ በስህተት ፎርማት ከተደረገ ዲስኩን መጠቀም ያቁሙ። ኤስኤስዲ ግን ይለያል፤ የተለቀቀውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም። ሰው ሁሉ ወደ ኤስኤስዲ በተሸጋገረበት በዚህ ዘመን ፎርማት ከቀድሞው የበለጠ አስፈሪ ውሳኔ ሆኗል።

ለባለሙያ ከመስጠትዎ በፊት

• «አልሠራም አለ» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ቢናገሩ ጥገናው እንደሚፈጥን ያውቁ ኖሯል? የቱ ደረጃ ላይ ቆመ፤ ከመቆሙ በፊት መጨረሻ የተደረገው ነገር ምን ነበር፤ ምን ድምፅ ተሰማ ወይም ምን ጽሑፍ ታየ። ጎበዝ ባለሙያ ራሱ ይጠይቅዎታል።

• «ፋይሌን ሳታስቀምጡልኝ ምንም እንዳትነኩ» ብሎ መናገር መብትዎ ነው፤ በደረሰኙ ላይም ይጻፍልዎ። ዲስኩ ከተቀየረ አሮጌውን ይቀበሉ። ውስጡ ያለው የእርስዎ ነው፤ ዛሬ ያልወጣ ፋይል ነገ በተሻለ ባለሙያ እጅ ሊወጣ ይችላል።

• በዓለም ላይ በሰፊው የሚመከረው የመጠባበቂያ ሕግ «3፣ 2፣ 1» ይባላል፤ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለአንድ ተማሪ ይህ ማለት ላፕቶፑ፣ አንድ ፍላሽ ወይም ተጨማሪ ዲስክ፣ እና ጎግል ድራይቭን የመሰለ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ነው።

• በየዓመቱ መጋቢት 31 ቀን (በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22) «የዓለም የባክአፕ ቀን» ተብሎ ይታሰባል። እርስዎ ግን ቀኑን አይጠብቁ። የመመረቂያ ጽሑፍዎንና የልጆችዎን ፎቶ ዛሬ ማታ፣ ማሽኑ ደህና እያለ ይገልብጡ፤ ይህን ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለ ዕለት የሚጨነቀው ስለ ዕቃው ብቻ ነው።